በዓይን የተሰማ መርዶ

ስልኩ ሲጠራ ውብአለም ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ተክላ ሴሎች ቀለም እስኪጠጡ እየጠበቀች ነበር። ከአንድ የአይጥ ግልገል የውስጥ ጆሮ ያወጣችው፣ ቀንድ አውጣ መስሎ የተጠማዘዘ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ሥጋ ብርጭቆ ሳህን ላይ ተዘርግቷል። የደወለው አጎቷ ፀጋዬ ነው፣ ከወልዲያ። በሥራ ሰዓቷ ደውሎ አያውቅም።

«ውብዬ፣ ብቻሽን ነሽ?»

እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ አበሻ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ለመገመት አይቸገርም። ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰው ሞልቶ ሳለ «ብቻዬን ነኝ» አለችው።

«እማዬ አረፈች። ዛሬ ከሰዓት በኋላ። ጋደም ልበል ብላ ገብታ በዚያው ቀረች።» ከዚያም፣ «ላንቺም በስልክ መንገር ነውር ነበር። ግን አባትሽ ጥሩነህ ጋ የምደርስበት ሌላ መንገድ የለኝም። ለእሱ እንደ ወጉ ይነገረው» አላት።

ስልኩን ዘግታ ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለሰች። ሴሎቹ ቀለሙን ጠጥተው በርተዋል፤ አንድ ረድፍ ከውስጥ፣ ሦስት ረድፍ ከውጭ። ሕይወት ያለውን ሴል ቆየኝ ቢሉት አይቆይም። ፎቶውን አነሳች፣ ሳህኑ ላይ ምልክት አደረገች፣ ጓንቷን አወለቀች፣ ከዚያ ማቀዝቀዣ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። እዚያ የማቀዝቀዣው ሞተር ስለሚጮኽ የሚያለቅስ ሰው አይሰማም።

ያረፉት ወይዘሮ እታገኝ፣ የአባቷ እናት፣ ለውብአለምና ለወንድሟ ለብሩኪ አያት ብቻ አልነበሩም። እናታቸው በልጅነታቸው ስትሞት፣ አባታቸው አቶ ጥሩነህ ካናዳ ገብተው ስፖንሰር እስኪያደርጓቸው ድረስ ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። ልጆቹ «እማማ» ሲሉ እናትም አያትም ማለታቸው ነበር።

አቶ ጥሩነህ ደግሞ አይሰሙም። ልጆቻቸውን ባስመጡ ማግስት መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያዛቸውና ለወራት መርፌ ተወጉ። መርፌው ነፍሳቸውን አተረፈ፣ ጆሯቸውን ወሰደ። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ጠፋባቸው፣ ቀጥሎ የሕፃናትና የሴቶች፣ በመጨረሻ ከሠፈራቸው ከፍሌሚንግደን ፓርክ የሚሳፈሩበት አውቶቡስ ሞተር። ሐኪሞቹ ይህ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድመው ነግረዋቸው ነበር። «ከሳንባና ከጆሮ ከሆነ ሳንባዬን» ብለው የፈቀዱት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ የሰው ከንፈር ማንበብ ተማሩ፤ የማንንም ቢሆን ይሞክራሉ፣ የውብአለምን ግን እንደ ጋዜጣ ያነቡታል።

ውብአለም ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከትምህርት ሁሉ የጆሮ ሴልን የመረጠችው ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። አንድ እሑድ ግን አባቷ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሻያቸውን ይዘው፣

«እስቲ ንገሪኝ» አሏት። «መርፌውን የተወጋሁት ቂጤ ላይ ነው። ጆሮዬን ማን አሳየው?»

ውብአለም ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ እሳቸው አቅንታ ቀስ እያለች ነገረቻቸው። «እዚያ ውስጥ ያሉት ሴሎች አናታቸው ላይ ጸጉር አላቸው፣ አባባ። ጸጉሮቹ እንደ ደረጃ ተበላልጠው ይቆማሉ፣ ጫፍ ለጫፍ በቀጭን ክር ተያይዘዋል። ድምፅ ሲመጣ ጸጉሮቹ ዘንበል ይላሉ፣ ክሩ ይወጠራል፣ ክሩ ሲወጠር የሴሉ ሽፋን ላይ ያለችውን በር ይከፍታታል።»

«በሩ ሲከፈትስ?»

«ጨው ይገባል። የመስማት መጀመሪያው ያ ነው። መድኃኒቱም በዚያችው በር ያልፋል። ከገባ በኋላ ግን መውጫ የለውም፤ ውስጥ እየተጠራቀመ ሴሉን ይገድለዋል።»

«ሽፋኑ ታዲያ ምን ሊሠራ ተቀመጠ? ዘበኛ አይደለም?»

«ዘበኛ ነው። ከቅባት የተሠራ ስስ ነገር ነው፣ ከበሩ ውጭ በሌላ በኩል መድኃኒቱን በቀላሉ አያሳልፈውም። በሩ ግን ለመስማት ሲባል መከፈት አለበት።»

«በሩን የዘጋ ሴልስ?»

«እሱ ይተርፋል። ግን በሩ እስከተዘጋ ድረስ አይሰማም።»

አቶ ጥሩነህ ሻያቸውን ፉት አሉ። «እንግዲህ ሲያዳምጥ የነበረው ነው የሞተው በዪኛ» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሲዞሩ ወሬው አበቃ ማለት ነው፤ ዓይናቸው ከሌለ አይነገራቸውም።

ሁለት ዓመት ጠብቀው በዚያ ክረምት ቀዶ ጥገናው ተደረገላቸው። ከጆሯቸው ጀርባ፣ ከቆዳው ሥር ትንሽ መሣሪያ ተቀበረ፤ ከእሱ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ የሞቱትን ሴሎች አልፎ ነርቩን ራሱን በኤሌክትሪክ ይነካል። ቁስሉ እስኪጠግግ ወር ያህል ይጠበቅና መሣሪያው ይከፈታል። ፀጋዬ የደወለው መሣሪያው የሚከፈትበት ቀጠሮ ከሳምንት ትንሽ አለፍ ብሎ ሲቀረው ነው።

አቶ ጥሩነህ ለዚያ ቀን ያሰቡት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከሆስፒታሉ እንደወጡ፣ ገና በሩ ላይ ቆመው፣ እናታቸው ጋ ሊደውሉ። ውብአለም መጀመሪያ ሰሞን መሣሪያው ንግግር እንደማያሰማ፣ ጩኸትና ፉጨት ብቻ እንደሚሆን ደጋግማ ነግራቸዋለች። «የእማዬን ድምፅ ማሽኑ ባያውቀው እኔ አውቀዋለሁ» ነበር መልሳቸው።

ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብተው ይለማመዳሉ። የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙ መጠኑን አያውቁትም፤ ያንሾካሾኩ እየመሰላቸው ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። «እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ጥሩነህ። ተናገሪ፣ እየሰማሁሽ ነው።» ጥቂት ያርፉና፣ «ተናገሪ እንጂ» ይላሉ። ውብአለም በግድግዳው በኩል አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ከፀጋዬ ስልክ በኋላ ያሉት ጠዋቶች ከዚያ በፊት እንደነበሩት አልሆኑላትም።

መርዶው እንዴት ይነገር የሚለውን ለመነጋገር ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ካለው የአቶ አስማማው ሱቅ ጓዳ ተሰበሰቡ። አቶ አስማማው የመረዳጃ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ በዚያ ሠፈር ሰው ሞተ ሲባል መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። ወይዘሮ ስንታየሁ የወልዲያ ሰው ናቸው፣ ለአቶ ጥሩነህ እንደ እህት። ውብአለም የጤፍ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

«አሁን ከነገርነው አይሄድም» አሉ አቶ አስማማው። «አውቀዋለሁ። ‹ለማን ብዬ ነው የምሰማው› ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። ይህን ቀጠሮ ካሳለፈ ደግሞ መቼ እንደሚያገኝ እግዜር ይወቅ። መጀመሪያ ይሰማ፣ ከዚያ ይነገረው።»

«ጆሮው ተከፍቶ የመጀመሪያው ነገር መርዶ ይሁን?» አሉ ስንታየሁ። «አስማማው፣ ያንተ ልብ ከምንድን ነው የተሠራው?»

«እሺ፣ ከወር በኋላ ይሁን።»

«ጋሼ፣ በዚያኑ ዕለት ይደውላሉ እኮ» አለች ውብአለም። «ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመው። እኔ አጠገባቸው ነኝ። ምን ልበላቸው? መስመር ተይዟል ልበል?»

ከፊት በኩል ደንበኛ በርበሬ ሲያስመዝን ይሰማል።

ውብአለም በዚያ ሰሞን ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትሞክረው የሴሉን በር ለጊዜው የሚደፍን ነገር ነበር። እሱን መጀመሪያ ታደርጋለች፣ መድኃኒቱን ከላዩ። የበሩ አፍ ስለሚያዝ መድኃኒቱ ሳይገባ ያልፋል፣ ሴሉ ይተርፋል። ጭንቁ መቼ ታጥቦ እንደሚነሳ ነው። መድኃኒቱ ገና ዙሪያውን እያለ ከታጠበ ልፋቱ ከንቱ ነው፤ እንደተደፈነ ከቆየ ደግሞ ሴሉ በሕይወት አለ እንጂ አይሰማም። ጆንያው ላይ ተቀምጣ ይህን ስታስብ ቆየች። ለአባቷ ሰሞኑን የሆነችላቸው ያንኑ መድፈኛ ነው። መድኃኒትስ ቀን ሲያልፍ ከደም ተጣርቶ ያልቃል። ሞት ግን አያልቅም፤ በሩ በተከፈተ ቀን እዚያው ቆሞ ይገኛል።

«እኔ ልንገራቸው» አለች። «የኔን አፍ ነው የሚያነቡት።»

«ልጅ ለአባቷ መርዶ አትናገርም» አሉ አቶ አስማማው፣ በቁጣ ሳይሆን እንደማባበል። «አንቺም እኮ ሐዘንተኛ ነሽ፣ ውቤ። እሱ ሲወድቅ ማን ይይዘዋል? አንቺን ማን ይይዝሻል? ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፣ ከቀጠሮው በፊት። እኔ እናገራለሁ።»

ስንታየሁ ቀና ብለው አዩአቸው። «በዚህ ጢም?»

«ጢሜ ምን አደረገ?»

«ጥሩነህ ከንፈር ነው የሚያነበው። ያንተን ከንፈር ካየን ስንት ዘመናችን።»

«ሚስቴ ስትለምነኝ የኖረችውን ነው እንዴ የምትሉኝ?»

«ሚስትህ ትሰማለች።»

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ መኪኖቹ ከሕንፃው ሥር ፓርኪንጉ ውስጥ አንድ በአንድ ተሰበሰቡ። ማንም ቀድሞ አይወጣም፤ ሁሉም እስኪመጣ ሞተር እያሞቁ ይጠባበቃሉ። ከጋቢው ሥር የሥራ ዩኒፎርም የለበሰም ነበረ፣ ከዚያ በቀጥታ ፈረቃ የሚገባ። ብሩኪ ብቻ የለም። ከከተማ ከተማ ትልቅ የጭነት መኪና ነው የሚነዳው፤ ዋዜማውን ለእህቱ ደውሎ፣ «ሃይዌዩን ክሎዝ አድርገውታል፣ ተንደር ቤይ በበረዶ ስታክ ሆኛለሁ። አትጠብቁኝ፣ ንገሩት» ብሏት ነበር።

የቤቱ ደወል ሲነካ ሳሎን ውስጥ ያለው አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል። ውብአለም ከመድረሷ በፊት አቶ ጥሩነህ በካናቴራ፣ የጥርስ ብሩሽ በእጃቸው እንደያዙ ከፈቱ። ፊት ለፊታቸው አቶ አስማማው ቆመዋል፣ ጢማቸው የለም፣ የላይ ከንፈራቸው እንደ ሕፃን ነጥቷል።

«አስማማው» አሉ አቶ ጥሩነህ፣ ሳቃቸው እየመጣ። «ማን ገፈፈህ?»

አቶ አስማማው አልሳቁም። አቶ ጥሩነህ ከአቶ አስማማው ኋላ ያለውን ሰው አዩ፤ ነጠላቸውን እንደ ሐዘን የለበሱትን ሴቶች፣ ኮፍያቸውን ያወለቁትን ወንዶች። ብሩሹን ኪሳቸው ለመክተት ፈለጉ፣ ካናቴራ ኪስ የለውም። ገብተው ተቀመጡ፤ አንዱ እንደ ወጉ ጋቢ አለበሳቸው፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ያዟቸው።

አቶ አስማማው መሐል ቆሙ። ለዚህች ደቂቃ ነበር የተላጩት። ይሁን እንጂ መርዶ ሲናገሩ ሃያ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው፣ ሰውነታቸው የሚያውቀው ሌላ ነው። አንገታቸውን ሰበሩ፣ የጋቢያቸውን ጫፍ አንስተው አፋቸው ላይ አደረጉ፣ ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ጥለው መናገር ጀመሩ። ያማረ አነጋገር ነበር። ሴቶቹ ገና በሁለተኛው ቃል ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

አቶ ጥሩነህ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ተመለከቱ። አንድም አፍ አይታይም። ሰው እንደሞተባቸው አውቀዋል፣ ማን እንደሆነ ግን የሚነግራቸው አላገኙም። ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ ያዩ ጀመር።

«ብሩኪ የት ነው?»

ድምፃቸው ግድግዳውን መታው። አጠገባቸው ያለው ሰውዬ አይደለም ለማለት ራሱን ነቀነቀ፤ በእንባ መሐል የተነቀነቀ ራስ ግን ማንን አይደለም እንደሚል አይታወቅም።

«ልጄ ነው? መኪናው ነው? አስማማው፣ ልጄ ነው?» ከያዟቸው እጅ ሊያመልጡ ታገሉ።

ውብአለም ከዚያ በኋላ ስለ ወግ አላሰበችም። በሰዎቹ መሐል ሰንጥቃ ገብታ እግራቸው ሥር ተንበረከከች፣ አገጫቸውን ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

«አባባ። እዩኝ። ብሩኪ ደህና ነው። በረዶ ይዞት ነው።»

ዓይናቸው አፏ ላይ ተተከለ።

«እማማ ናቸው። እማማ አረፉ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አቶ ጥሩነህ።

ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳሉ የገባቸው። ሰዎቹን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከመዳፉ ሥር የወጣው ድምፅ ውብአለም ከአባቷ ሰምታው የማታውቀው ነበር፤ እሳቸውም አልሰሙትም። አቶ አስማማው እርቃኑን የቀረውን ከንፈራቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው በቆሙበት ያለቅሱ ነበር።

ረፋዱ ላይ ለቅሶው ጋብ ሲል አቶ ጥሩነህ ልጃቸውን ጠሯት።

«መቼ ነው?»

«ማክሰኞ።»

«ከማክሰኞ ጀምሮ እዚያ መታጠቢያ ቤት ስለማመድ ትሰሚኝ ነበር?»

ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ይቆጧታል ብላ ጠበቀች።

«አንቺስ የት አለቀስሽ?»

«ሥራ ቦታ። ማቀዝቀዣ ቤት።»

«በዚህ ብርድ?» አሉና የጋቢውን ግማሽ አለበሷት።

ቀጠሮውን በሚመለከት አቶ አስማማው ያሉት አልቀረም። «ለማን ብዬ» አሉ አቶ ጥሩነህ፣ ቃል በቃል። ያቺን ድምፅ ፈልጌ ነው የተቀደድኩት፤ ከእንግዲህ የአውቶቡስ ሞተር ብሰማ ባልሰማ ምን ቀረብኝ አሉ። ብሩኪ እሑድ ማታ ገብቶ ለመናቸው፣ እምቢ። «ዳድ፣ ጀስት ትራይ ኢት» ሲላቸው ፊታቸውን አዞሩበት፤ እሱም ጀርባቸውን እያየ ቀረ።

ሰኞ ሐዘንተኛ ሞልቶ ሳለ ወይዘሮ ስንታየሁ ተነስተው ሙሾ አወረዱ። ወይዘሮ እታገኝ በሠፈራቸው አዋላጅ ነበሩ፤ ስንታየሁንም ያዋለዱ እሳቸው ናቸው። ስንታየሁ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ደረታቸውን እየመቱ ያወርዱታል፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ፣ ከዚያ ቤቱ ሁሉ አንድ ላይ ይነፋረቃል። አቶ ጥሩነህ የሰዉ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ያያሉ። ቀድመው የሚያለቅሱት መሆን ሲገባቸው ሌላው ሲያለቅስ አይተው ነው የሚያለቅሱት።

«ምን አለች?» ብለው ውብአለምን ጎተቷት።

«ስለ እማማ።»

«ስለ እማማ ምን?»

«እማማ ሲያዋልዱ…» ብላ ጀመረች። ስንታየሁ ያሉት በዝናብ ሌሊት ወንዝ ተሻግሮ ስለመጣ እጅ ነበር። ውብአለም ግን ቃሉን ስትደግመው የሆነ ሪፖርት መሰለባት። «አልችልም፣ አባባ። እሳቸው ሲሉት ነው እንጂ እኔ ስለው ያ አይደለም።»

አቶ ጥሩነህ የስንታየሁን የተሸፈነ ፊት ረጅም ጊዜ አዩ። እኒያ ሴትዮ ስለ እናታቸው እሳቸው የማያውቁትን ነገር ያውቃሉ፣ በዚያ ነጠላ ሥር።

«ደግሞ መቼ ትላለች?»

«በአርባው ይሉ ይሆናል።»

«በአርባው እሰማዋለሁ?»

ውብአለም አዎ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። አባቷ ግን አፏን እያዩ ነው። «አላውቅም» አለች። «ድምፅ መሆኑን ይሰማሉ። ቃሉን ምናልባት ጥቂቱን። ያውም በየቀኑ ከተለማመዱ።»

«ጥቂቱን» አሉ። ረቡዕ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

መሣሪያው ሲከፈት ፊታቸው ተኮማተረ። ባለሙያዋ ሴት አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፣ ውብአለምም በአማርኛ ደገመችው። «ቆርቆሮ ላይ ጠጠር እየጣላችሁ ነው» አሉ። የልጃቸው ድምፅ ጠጠር ነበር፣ የራሳቸውም ድምፅ ጠጠር። ባለሙያዋ ልምምዱን አስረዳች፤ አንድ ሰው ከኋላቸው ተቀምጦ አንዳንድ ቃል ይላል፣ እሳቸው ሳያዩ ይደግማሉ። ሲወጡ የሆስፒታሉ በር ላይ ትንሽ ቆም አሉ። ከዚያ የኮታቸውን ቁልፍ ዘግተው ወደ ሰብዌዩ ባቡር አመሩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ውብአለም ከሥራ ስትመለስ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙረው ይጠብቋታል። ከኋላቸው ትቀመጣለች። «ሎሚ» ስትል «ጠጠር» ይላሉ። «መስኮት» ስትል፣ «ያም ጠጠር ነው፣ ረዘም ያለ።» አንዳንድ ቀን ተናደው መሣሪያውን ነቅለው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል፣ በማግስቱ ራሳቸው ያደርጉታል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አጭሩን ከረጅሙ ለዩ። ቀጥሎ «ብሩኪ»ን ያዙ፤ ብሩኪ ራሱ ደስ ብሎት ስሙን እስኪሰለቹት ድረስ ጠራላቸው። «ወልዲያ»ን «ወልደ» አሉት፣ ውብአለም እንደ ትክክል ቆጠረችላቸው።

አርባው ሲቃረብ አንድ ምሽት እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው ነበር። ውጭ በረዶ ይጥላል። «ሻይ» አለች፤ «ሻይ» አሉ። «በር» አለች፤ «በር… በግ?» አሉ።

«እታገኝ» አለች።

የአባቷ ጀርባ ብቻ ነው የሚታያት። ጉልበታቸው ላይ የነበረውን እጃቸውን አንስተው ከጆሯቸው ጀርባ ያለውን መሣሪያ ያዙት፣ ሊነቅሉት ሳይሆን እንዳይወድቅ እንደሚደግፉት አድርገው።

«ድገሚው» አሉ፣ ሳይዞሩ።

ደገመችላቸው።